አቃቂ፦ ወንዙ ቁልቁል፣ ጥጡ ሽቅብ

ጥያቄው ይህ ነው። «አያቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እናቴም ያደገችው እዚያው ሰፈር ነው። ፋብሪካው ከቆመ ቆይቷል፣ አያቴም አርፈዋል። ያ ሁሉ ፋብሪካ አቃቂ ላይ የተሰበሰበው ለምንድን ነው? ሰፈሩስ እንዴት ተፈጠረ? አሁን ብሄድ የማየው ነገር ይኖራል?»

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አብዛኛው ሰው በአንድ ቃል ነው የሚመልሰው፦ «ባቡር ስላለ ነዋ!» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። ባቡሩ የሚያልፍባቸው ሌሎች ብዙ ቦታዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም አቃቂን አልሆኑም። የኔ ሥራ ከተሞች ለምን በበቀሉበት ቦታ እንደበቀሉ ማጥናት ነው። አቃቂን በተመለከተ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ሰፈሩን ከአዲስ አበባ ሆነን ካየነው አይገባንም። ከታች፣ ከአዋሽ ሸለቆ ሽቅብ ነው ማየት ያለብን።

ከመሬቱ ልጀምር። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ከተማው ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ከቱቦ የወጣ ውሃ፣ ከጎርፍ ጋር የተጠረገ ቆሻሻ፣ ሁሉም ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሚወርደውም በሁለት ወንዞች ነው። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ በኩል ተነሥቶ የከተማውን ምዕራብ እያካለለ በቃሊቲ በኩል ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ የለገዳዲና የድሬ ግድቦችም ያሉት በዚያ በኩል ነው። አቃቂ ከተማን ሰንጥቆ የሚያልፈው ይሄ ትልቁ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው። ከዚያ ወርደው አዋሽ ይገባሉ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዥልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ወደ ባቡሩ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ለምታህል መንገድ ሁለት ዓመት! በዚያን ጊዜ ውስጥ የሐዲዱ ጫፍ ለዋና ከተማው በጣም ቀርቦ ነበር፣ ግን አልገባም። የከተማዋ የታችኛው በር አቃቂ ሆነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከባሕር የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ከዚያ በኋላ የደብረ ዘይት መንገድም በዚያው ሜዳ አለፈ። ሐዲዱና አስፋልቱ ጎን ለጎን መጓዛቸው በአጋጣሚ አይደለም። ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትወጪ ዳገት የሌለበት፣ ገደል የማያቋርጠው መውጫ ያ ብቻ ነው። በእንጦጦ በኩል ፋብሪካ መትከል ማለት ማሽኑን ዳገት ማስወጣት ማለት ነው። በአቃቂ በኩል ግን ሜዳው ተዘርግቶ ይጠብቃል።

ለፋብሪካ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር መብራት ነው። ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራው የት ይመስልሻል? እዚያው ከአቃቂ በታች፣ አባ ሳሙኤል ላይ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ነበር የሚያመነጨው። ዛሬ ካሉን ግድቦች ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ በዘመኑ ግን ትልቅ ነገር ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ሥራ አቁሞ ለዐሥርት ዓመታት ከቆመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ተመርቋል። እንግዲህ ሐዲድ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ኃይል በቅርብ አለ።

ወደ አያትሽ ፋብሪካ እንምጣ። ያ ፋብሪካ ሲቋቋም ስሙ ኢንዶ-ኢትዮጵያን ጨርቃ ጨርቅ ይባል ነበር። የሕንዱ የቢርላ ቡድን ከኢትዮጵያ ወገን ጋር በአክሲዮን በ1959 እ.ኤ.አ. ገደማ ያቋቋመው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት ልብ በይ፤ 1959 በፈረንጅ ነው፣ በእኛ ከ1951 እስከ 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህ ድርጅት የሕንድ ኩባንያዎች ከአገራቸው ውጭ ከጀመሯቸው ቀደምት የጋራ ሥራዎች አንዱ ተብሎ በሕንድ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። የአቃቂ ልጆች ሊኮሩበት የሚገባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨርቃ ጨርቅ ለምን ወንዝ ዳር ይሆናል? እስቲ ሥራውን ራሱን እንየው። ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ በእስር በእስር ሆኖ ይገባል። ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይባዘታል፣ ከዚያ ይፈተላል። እናቶቻችን በእንዝርትና በደጋን ሲያደርጉት የነበረው ያው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱና ብዛቱ ነው። ፈትሉ ደግሞ ደረቅ አየር አይወድም። አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጠሳል፣ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሆን ተብሎ እርጥበት ይነዛል። ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ሲያወራ ብትሰሚ ከጫጫታው ቀጥሎ የሚያነሳልሽ ያንን የታፈነ፣ የሚያልብ አየር ነው። ከላይ ደግሞ የጥጥ ብናኙ። በክፍሉ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ያ ነጭ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ለረጅም ዓመታት ሲተነፍሱት ደረት የሚያፍን የታወቀ የሙያ በሽታ ያመጣል። አያትሽ በእርጅናቸው ይስሉ ከነበረ «ብርድ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉት።

ወደ ውሃው ልመለስ። ድሩ ወደ ሽመና ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ስታርች ይጠጣል፣ እንዳይላላጥና እንዳይበጠስ። አቡጀዲ ገዝተሽ ታውቂ ከሆነ ገና ሳይታጠብ እንዴት ድርቅ እንደሚል ታስታውሻለሽ። በጣትሽ ስታሺው ይንኮሻኮሻል፣ ቀለሙ ቡናማ የሚል ነጭ ነው፣ አንዳንዴ የጥጥ ፍሬ ስባሪ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታይበታል፣ ሽታውም የእህል ዱቄት ሽታ ነው። ያ ድርቀት ስታርቹ ነው። አንዴ ሲታጠብ ልስልስ ይላል። እንግዲህ ጨርቁ ሊነጣና ቀለም ሊነከር ከሆነ ያንን ሁሉ ስታርች አጥቦ ማውጣት ግድ ነው። ማጠብ፣ ማንጣት፣ መንከር፣ እንደገና ማጠብ። ለቦይለሩም ውሃ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ውሃ ከአንድ ቦታ ይመጣል፣ ወደ አንድ ቦታም ይፈሳል። ወንዝ ዳር መሆን የሚጠቅመው ለሁለቱም ነው። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው፤ እዚያ ላይ እደርሳለሁ።

አሁን ያዥልኝ ያልኩሽን ነገር፣ ወንዙ አዋሽ መግባቱን፣ አውጪው። ጥጡ ከየት ነበር የሚመጣው? ለጨርቃ ጨርቅ የሚሆን ጥጥ በብዛት መመረት የጀመረው አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ፣ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ገብቶበት። ግድቡ መብራት ሰጠ፣ ግን ከመብራቱ እኩል ትልቁ ሥራው የአዋሽን ውሃ ክረምት ከበጋ እያመጣጠነ መልቀቁ ነው። ያ በመሆኑ ታች ያሉት ሜዳዎች በመስኖ ሊለሙ ቻሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተንዳሆ እርሻ ልማት በእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ተጀመረ። መልካ ሳዲና አሚባራም በየተራ ተከተሉ።

እንግዲህ ዙሩን ተመልከቺው። የእንጦጦ ዝናብ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል። ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ። አዋሽ ቆቃ ላይ ይጠራቀማል። ከቆቃ ተለቆ ወደ ቆላው ይሄድና ጥጥ ያጠጣል። ጥጡ ይለቀማል፣ እዚያው ቆላ ይዳመጣል፤ ከተለቀመው ክብደት አብዛኛው ፍሬ ስለሆነ ሳይዳመጡ መጫን ኪሳራ ነው። ከዚያ በባቡርም በመኪናም ሽቅብ ይመጣል፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ቆላ በመተሃራ፣ በአዳማ፣ በሞጆ አድርጎ ከሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣና ደጋ ሲደርስ፣ ከተማው ጥግ ላይ፣ ያው ውሃ ከወረደበት ወንዝ ዳር ይወርዳል። እኔ ይህን ነገር በካርታ ላይ መጀመሪያ ሳገናኘው በጣም ነው የተደሰትኩት። አያትሽ የሸመኑት ጥጥ የጠጣው ውሃ በፋብሪካቸው አጥር ሥር አልፎ የሄደ ውሃ ሊሆን ይችላል። አቃቂ የተመረጠችው ለአዲስ አበባ ስለቀረበች ብቻ አይደለም ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ ከቆላው የሚመጣው ዕቃ ገበያው ጋ ሳይደርስ የሚያገኛት የመጨረሻዋ ሜዳና የመጨረሻዋ ሰፊ ወንዝ እሷ ስለሆነች ጭምር ነው።

ሰፈሩ እንዴት ተፈጠረ ላልሽው፣ ሰፈር የሚፈጥረው ሺፍት ነው። ፋብሪካ ሌት ተቀን ሲሠራ ሠራተኛ በየስምንት ሰዓቱ ይቀያየራል። የሌሊት ተረኛ ከውድቅት ወጥቶ የሚሄድበት ታክሲ በዚያ ዘመን የለም። ስለዚህ በእግር የሚደረስ ቦታ መኖር ግድ ነበር። አንዱ ይመጣል፣ ቤት ይከራያል፤ ወንድሙን ያስመጣል፤ ወንድሙ የአገሩን ልጅ። ከዚያ ለእነሱ እንጀራ የምትጋግር ትመጣለች፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ሻይ ቤት የሚከፍት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጸጉር አስተካካይ። ደሞዝ የሚከፈልበት ቀን ገበያው ሁሉ ይሞቃል። ብዙ ሰው ፋብሪካ ሰፈር ሲባል ሠራተኛውን ብቻ ያስባል፤ በፋብሪካው ደሞዝ የሚተዳደረው ግን በሩን ረግጦ የማያውቀው ሰው ጭምር ነው። ሴት አያትሽ ይህን ይበልጥ ሳያውቁ አይቀሩም፣ በሕይወት ካሉ ጠይቂያቸው።

መሬቱ ራሱ ለቤት አይመችም። ያ አካባቢ ጥቁር አፈር ነው፣ ኮትቻ። ለጤፍ ግሩም ነው፤ የአቃቂና የዙሪያዋ ገበሬ ያውቀዋል። ለግድግዳ ግን ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል። ሚያዝያ ላይ ሜዳው ላይ ብትቆሚ እጅሽን የሚያስገባ ስንጥቅ ታያለሽ። ቤት ያለው ሰው በየዓመቱ ግድግዳውን የሚመርገው መጀመሪያ ሰንፎ በደንብ ስላልሠራው አይደለም፤ መሬቱ ከሥሩ ስለሚንቀሳቀስ ነው። የጭቃ ቤት እዚያ ረጅም ዕድሜ ያገኘውም ለዚህ ይመስለኛል፦ ሲሰነጠቅ ይመረጋል፣ ባሕር ዛፉም ከመሬቱ ጋር ትንሽ ይተጣጠፋል። ያለ ደህና መሠረት የቆመ የብሎኬት ግድግዳ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ተሰነጠቀ ነው።

ፖለቲካውን በአጭሩ ልለፈው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጀመረው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን ለአራት ቀናት ያህል ቀጥ አድርጎ ያዛት። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ትላልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ ኢንዶ-ኢትዮጵያን የሚለው ስምም ቀርቶ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሆነ። ለእናንተ ቤተሰብ ከዚህ ይበልጥ የሚያገባችሁ ግን የዚያው ዓመት የሐምሌ 19 አዋጅ ነው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች። የሠራተኛ ሰፈር ቤት ኪራዩ ትንሽ ስለነበር በአብዛኛው የቀበሌ ሆነ። ቤተሰባችሁ «የቀበሌ ቤት ነበረን» የሚል ከሆነ ነገሩ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ አዋጅ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፦ ሰውን ከፋብሪካው አላቀቀው። ሥራው ቢቀር ቤቱ አይቀርም። ፋብሪካ ሲቆም ሰፈር የሚበተንባቸው ብዙ አገሮች አሉ፣ ቤቱ የኩባንያው ስለሆነ። አቃቂ ግን አልተበተነችም። በእኔ እምነት ትልቁ ምክንያት የቀበሌ ቤቱና ዕድሩ ናቸው። ሰው የሚቀብረውን ሰው ትቶ አይሄድም።

ፋብሪካው ለምን ደከመ? ይህ የአቃቂ ብቻ ታሪክ አይደለም። በደርግ ጊዜ ፋብሪካዎቹ በብሔራዊ ጨርቃ ጨርቅ ኮርፖሬሽን ሥር ሆነው ሠሩ፣ ገበያ የተረጋገጠላቸው ነበሩ፣ ማሽናቸው ግን አረጀ። መለዋወጫ በዶላር ነው፣ ዶላር ደግሞ የለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ። ሰልባጅ ገባ፣ ከእስያ ርካሽ ጨርቅ ገባ። የሠላሳ ዓመት ማሽን ይዞ ከዚያ ጋር መወዳደር የማይቻል ነበር። ወደ ግል ማዛወሩም ተከተለ። ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው ሰነፍ ነበር» የሚል አስተያየት እሰማለሁ፤ በፍጹም አልስማማም። ያንን ማሽን መለዋወጫ እየቀጠቀጡ ሠርተው ለዓመታት ያስኬዱት እነዚያው ሠራተኞች ናቸው።

ወንዙ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። ከላይ ያልኩት የከተማው ቆሻሻ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ የቤት ፍሳሽ ሁሉ ወደዚያው ነው። በዚያ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፣ ከተማው ይበላዋል። አባ ሳሙኤልን እምቦጭ ወሮታል። ገበሬው ሌላ ውሃ የለውምና እሱን መውቀስ አይገባም፤ መጠየቅ ያለበት ከላይ የሚለቀው ነው። የሚገርመው ከመሬት በታች ያለው ውሃ ነው። በአቃቂ አካባቢ ያለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ውሃ ይይዛል። አዲስ አበባ ዛሬ ከምትጠጣው ውስጥ ብዙው ከአቃቂ ጉድጓዶች ወደ ላይ ተገፍቶ የሚመጣ ነው። ከተማዋ ቆሻሻዋን ቁልቁል ትልካለች፣ ንጹሑን ሽቅብ ትስባለች።

ብትሄጂ ምን ታያለሽ? ቀላሉ ባቡር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ታክሲ ትይዣለሽ። መጀመሪያ ድልድዩ ጋ ውረጂ። ከዚያ የወንዙን ስፋትና የሜዳውን ልክ ስታይ የጻፍኩልሽ ግማሹ ያለ እኔ ይገባሻል። የድሮው ሐዲድ በየቦታው ተቆርጧል፣ ተሸፍኗልም፤ ግን አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ያላት ጠባብ መስመር ስለነበረች የት እንዳለፈች በቤቶቹ አሰላለፍ ታውቂያለሽ። ቤቶች ያለ ምክንያት ረጅም ቀጥ ያለ ክፍተት አይተዉም። አዲሱ ሐዲድ በእንዶዴ በኩል ነው የሚያልፈው፣ የፍጥነት መንገዱም ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል። ያ ማለት የከተማው የታችኛው በር ዛሬም እዚያው አካባቢ ነው፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ። የሰፈሩን ቤቶች ስታይ ደግሞ መስመራቸውን ተመልከቺ። እኩል በእኩል የተሰለፉት ድርጅት ወይም መንግሥት ያሠራቸው ናቸው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያሉት ሰው አንድ በአንድ የሠራቸው ናቸው። የፋብሪካ ሰፈር ታሪክ በአብዛኛው ያለው በሁለተኞቹ ውስጥ ነው።

የአያትሽን ነገር ማግኘት ከፈለግሽ ቤት ካለ ወረቀት ጀምሪ፦ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የማኅበር መዋጮ ደረሰኝ። ፋብሪካው የመንግሥት ከሆነ በኋላ ስለሠሩ የጡረታ ፋይል ሊኖራቸው ይችላል፤ በውስጡ የተቀጠሩበት ቀን ይጻፋል። የቀበሌ ቤት ከነበራችሁ ወረዳው ጋ የቤት ፋይል አለ። የቆዩ የአየር ፎቶዎችንና በ1፡50,000 የተሠሩ ካርታዎችን የካርታ ሥራ ድርጅት ይባል ከነበረው መሥሪያ ቤት ጠይቂ፤ ሁለት የተለያዩ ዘመናት ካርታ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ሰፈሩ ሲያድግ ታይዋለሽ። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጦች ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ውስጥ አሉ።

ከሁሉ በፊት ግን የዕድሩን ጸሐፊ ፈልጊ። የቆየ የዕድር መዝገብ ማለት ጠርዙ የተበላ፣ በቢክ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው። የአባል ስም፣ የባለቤት ስም፣ የልጆች ስም፣ የወላጆች ስም ከነመጡበት አገር ይመዘገብበታል፤ ለቅሶ ሲደርስ ለማን እንደሚወጣ እንዲታወቅ። አንዳንዱ ጸሐፊ ከስሙ ጎን «ፋብሪካ» ብሎ ሥራውንም ይጽፋል። የሰፈሩ ሰው ከየት ከየት እንደመጣ ከዚያ የተሻለ የሚነግርሽ ሰነድ አላውቅም። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ብትሄጂ ደብተሩን ላያወጡልሽ ይችላሉ። ከእናትሽ ጋር ከሆነ ግን «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ይወጣል። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ዕድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ቢሆን ይሻላል፣ ጸሐፊውም ሽማግሌዎቹም አንድ ላይ ይገኛሉ። ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ አስፈቅጂ፤ የሌሎች ቤተሰቦችም ስም አለበትና የአያትሽን ገጽ ብቻ ብታነሺ ይበቃል።